የተለወጠ መሣሪያና የተፈለገ ድምፅ፤ ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታርን ኮንትራባስ ለማስመሰል ስለ ተደረጉ ሁለት ሙከራዎች

የሙዚቃ መሣሪያ ከሠሪው እጅ በወጣበት መልክ ለዘለቄታው አይኖርም። ተጫዋቹ አውታሩን ይለውጣል፤ ብርኩማውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ ከእንጨቱ ላይ ይፍቃል፤ ያልነበረውንም ይጨምርበታል። የሙዚቃ መሣሪያዎችን የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን በመዝገባቸው የሚያሰፍሩት አብዛኛውን ጊዜ የመሣሪያውን ቅርጽ፣ የተሠራበትን ዕቃና መጠኑን ነው። ከዚያ በኋላ የተጫዋቹ እጅ ያደረገበት ለውጥ እንደ ጉዳት ወይም እንደ ትርፍ ነገር ተቈጥሮ ይታለፋል። ከነዚህም ለውጦች መካከል ይልቁንም ሊመረመር የሚገባው አንድ ዓይነት አለ፤ ይኸውም አንዱ መሣሪያ በሌላው መሣሪያ ድምፅ እንዲናገር ታስቦ የሚደረገው ለውጥ ነው።

ለዚህ ምርመራ ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር የተመቸ ምሳሌ ይሆናል። ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ የተወለደበት ዓመትና የሠሪው ስም ይታወቃል፤ የቀድሞ ድምፁም በሸክላ ተቀርጾ ስለሚገኝ የኋለኛውን ከፊተኛው ጋራ ማስተያየት ይቻላል። ብዙ ሰዎች ይህን መሣሪያ ኮንትራባስ ለማስመሰል ደክመዋል። ስለ ድካማቸውም የተለመደው ፍርድ እንዲህ ነው፤ ከጣት ሰሌዳው ላይ የብረት ገደቦቹን ያወለቀ ሰው ወደ ኮንትራባስ ቀርቧል፤ ገደቦቹን እንዳሉ የተወ ሰው ግን በጊታርነት ቀርቷል። ይህ ፍርድ በዓይን የተፈረደ እንጂ በጆሮ የተፈረደ አይደለም። የሁለት ታላላቅ አሜሪካውያን ተጫዋቾች፣ የጄምስ ጄመርሰንና የጃኮ ፓስቶሪየስ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ሲመረመሩ የሚገኘው ውጤት ተቃራኒው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው አመጣጥ

ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ በመጀመሪያ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ኋላም የጊታርና የድምፅ ማጉያ ፋብሪካ ባለቤት የነበረ ሰው ነው። በ1951 ዓ.ም. ፕረሲሽን ቤዝ የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አወጣ። ዓላማው ግልጽ ነበረ። ኮንትራባስ እንደ ሰው ቁመት የረዘመ፣ ለጉዞ የማይመች፣ በከበሮና በነሐስ መለከቶች መካከል ድምፁ የሚዋጥ መሣሪያ ነው። በጣት ሰሌዳው ላይም ጣት የሚያርፍበትን ስፍራ የሚወስን ገደብ ስለሌለው ትክክለኛውን ድምፅ ለማግኘት የብዙ ዓመት ልምምድ ይጠይቃል። ፌንደር ያወጣው መሣሪያ ግን በትከሻ የሚንጠለጠል፣ የድምፅ ሣጥን የሌለውና ከድፍን እንጨት የተሠራ ነበረ። አራቱ አውታሮች እንደ ኮንትራባስ አውታሮች በሚ፣ በላ፣ በሬና በሶል ይቃኛሉ። ይሁን እንጂ የሚነዝረው የአውታሩ ክፍል 86 ሳንቲሜትር ያኽል ብቻ ነው፤ የኮንትራባሱ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 105 ሳንቲሜትር ይደርሳል።

በአዲሱ መሣሪያ የጣት ሰሌዳ ላይ ፍሬት የተባሉ ቀጫጭን የብረት ገደቦች በአግድም ተተክለዋል። ጣት በሁለት ገደቦች መካከል የትም ቢያርፍ አውታሩ የሚቈረጠው በብረቱ ላይ ስለ ሆነ ድምፁ ልክ ይሆናል። መሣሪያውም ፕረሲሽን፣ ማለት ልክነት፣ የተባለው ስለዚህ ነው። ማሲንቆን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል። በማሲንቆ ላይ አውታሩን የሚወስነው የተጫዋቹ ጣት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድምፁ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ለመሄድ ይችላል። ፍሬት ባለበት መሣሪያ ላይ ግን ድምፁ ደረጃ በደረጃ ይራመዳል እንጂ አይንሸራተትም።

የአውታሩን ንዝረት ወደ ማጉያው የሚያስተላልፈው ፒካፕ የተባለው ክፍል ነው፤ ይኸውም ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ሆኖ በአውታሮቹ ሥር ይቀመጣል። ፋብሪካው በ1957 ዓ.ም. የፕረሲሽንን ፒካፕ ለሁለት ከፍሎ አሻሻለው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ጃዝ ቤዝ የሚባል፣ አንገቱ ከላይ በኩል የቀጠነና ሁለት ፒካፖች ያሉት ሌላ መሣሪያ አወጣ። እንግዲህ በአሥር ዓመት ውስጥ ከአንድ ፋብሪካ ሁለት ወንድማማች መሣሪያዎች ወጡ። መጠናቸው አንድ፣ ቅኝታቸው አንድ ሲሆን ድምፃቸው ግን ተለያየ፤ የአንዱ ባለቤትም የሌላውን ድምፅ መመኘት ጀመረ።

ከአንዱ ቤዝ ወደ ሌላው ቤዝ

ፕረሲሽን ያለው ሰው የጃዝ ቤዝን ድምፅ ሲፈልግ የሚያደርገው የታወቀ ነው። በብርኩማው አጠገብ እንጨቱን በመሮ ይቈፍርና ሁለተኛ ፒካፕ ይገጥምበታል። ይህ ሥራ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደማያስገኝ ለመረዳት የአውታርን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። አውታር ሲመታ በሙሉ ርዝመቱ ብቻ አይነዝርም፤ በዚያው ጊዜ በግማሹ፣ በሲሶውና በሩቡ እየተከፋፈለም ይነዝራል። ከመሠረታዊው ወፍራም ድምፅ ጋራ ቀጫጭን ድምፆች አብረው የሚሰሙት ከዚህ የተነሣ ነው። ፒካፕ አውታሩን የሚሰማው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው። ወደ አንገቱ ሲጠጋ መሠረታዊው ድምፅ ይበረታል፤ ወደ ብርኩማው ሲጠጋ ደግሞ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ጐልተው ይሰማሉ። ከነዚህም መካከል ማረፊያ ነጥቡ ልክ በፒካፑ አናት ላይ የዋለው ድምፅ ጨርሶ አይሰማም።

የጃዝ ቤዝ ድምፅ የተለየ የሆነው ሁለቱ ፒካፖች አውታሩን በሁለት ስፍራ ሰምተው የሰሙትን ስለሚያዋሕዱ ነው። በመዋሐዱ ጊዜ አንዳንዱ ድምፅ እርስ በርሱ ይደጋገፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ፕረሲሽን ላይ ሁለተኛ ፒካፕ የጨመረ ሰው የኋለኛውን ፒካፕ ስለት ያገኛል። ነገር ግን የፊተኛው ፒካፕ ያው ለሁለት የተከፈለው የፕረሲሽን ፒካፕ ነው፤ የተቀመጠበትም ስፍራ የጃዝ ቤዙ ፊተኛ ፒካፕ ከሚቀመጥበት ስፍራ የተለየ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ድብልቅ የሚወጣው ፕረሲሽንም ጃዝም ያልሆነ ሦስተኛ ድምፅ ነው። ይህ ሦስተኛ ድምፅ ብዙ ወዳጆች ስላገኘ ፋብሪካዎች ራሳቸው ሁለቱን የፒካፕ ዓይነቶች አጣምረው መሥራት ጀምረዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ቢሆንም ለቀጣዩ ክፍል መሠረት ነው፤ ለውጥ የጨመረውን ይጨምራል እንጂ የነበረውን ሁሉ አይሽርም።

ኮንትራባስን የሚያስታውቁት ሦስት ነገሮች

ቤዝ ጊታር ወደ ኮንትራባስ መቅረቡን ወይም መራቁን ለመፍረድ አስቀድሞ መመዘኛ ያስፈልጋል። በጣት የሚመታ ኮንትራባስ ከሌላው የሚለይባቸው ነገሮች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የድምፁ አጀማመር ነው። ወፍራሙ አውታር በጣት ሥጋ ሲመታ ድምፁ ከብረት ጩኸት ይልቅ የእንጨት መመታት የሚመስል ድቡልቡል አጀማመር አለው። ሁለተኛው የድምፁ ዕድሜ ነው። የአውታሩ ኃይል በብርኩማው በኩል ወደ ሣጥኑ ስስ ገበታ ይተላለፋል፤ ገበታውም አየሩን ያናውጣል፤ ኃይሉ በዚህ ሥራ ላይ ስለሚውል ድምፁ ፈጥኖ ይከስማል። የኤሌክትሪክ ቤዝ ድፍን እንጨት ግን ከአውታሩ ጥቂት ኃይል ብቻ ስለሚወስድ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ሳይደክም ይቈያል። ሦስተኛው የድምፁ አካሄድ ነው፤ ይኸውም ፍሬት ስለሌለ ከደረጃ ወደ ደረጃ ለመንሸራተትና በአንድ ደረጃ ላይ ለመርገብገብ መቻሉ ነው።

የተለመደው ፍርድ ከሦስቱ መመዘኛዎች የሚያውቀው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የፍሬት መኖርና አለመኖር በዓይን ይታያል፤ አጀማመርና ዕድሜ ግን የሚታወቁት በጆሮ ብቻ ነው።

የጄመርሰን መንገድ

ጄምስ ጄመርሰን በ1936 ዓ.ም. በደቡብ ካሮላይና ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ ዲትሮይት ከተማ ሄደ። በዚያም በትምህርት ቤት ሳለ ኮንትራባስ መጫወት ተማረ። ሞታውን በተባለው የሸክላ ማኅበር ስቱዲዮ መሥራት በጀመረ ጊዜም መሣሪያው ኮንትራባስ ነበረ። ወደ ኤሌክትሪክ ቤዝ የተሻገረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን እስከ መጨረሻው የታወቀበት መሣሪያ በ1962 ዓ.ም. የተሠራ ፕረሲሽን ቤዝ ነው።

በዚህ መሣሪያ ላይ ከእንጨቱ አንድም ነገር አልተቈረጠም፤ ፍሬቶቹም አልወለቁም። ልዩነቱ ያለው በጥቃቅን ነገሮች ላይ ነው። አውታሮቹ እጅግ ወፍራሞችና ላያቸው በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመ ነበሩ፤ ካልተበጠሱም በቀር አይለውጣቸውም ነበር። አሮጌ አውታር የብረት ጩኸቱን እያጣ ስለሚሄድ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይደክማሉ፤ መሠረታዊው ድምፅ ብቻ ጐልቶ ይቀራል። አውታሮቹ ከጣት ሰሌዳው ከፍ ብለው የተወጠሩ ነበሩ። በብርኩማው ላይ በተደፋው የብረት ክዳን ሥር ደግሞ አውታሮቹን የሚነካ ቁራጭ ስፖንጅ ነበረ። ይህንንም ስፖንጅ ፋብሪካው ራሱ ከመሣሪያው ጋራ ያቀረበው ስለ ነበረ ብዙ ተጫዋቾች ያወጡት ነበር፤ ጄመርሰን ግን በስፍራው ተወው። የሚመታውም በአንዲት አመልካች ጣት ብቻ ነበር፤ ይህም ልማድ ከኮንትራባስ ይዞት የመጣ ነው።

በሦስቱ መመዘኛዎች ሲመረመር ውጤቱ ይህ ነው። ጠፍጣፋው ሽቦ፣ የአውታሩ እርጅናና የጣቱ ሥጋ ተባብረው የድምፁን አጀማመር ድቡልቡል አደረጉት። ስፖንጁ የድምፁን ዕድሜ አሳጠረው። ፍሬቶቹ ግን በስፍራቸው ስለ ነበሩ መንሸራተት አልተቻለም። እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ ተሟልተዋል። ጆሮም ይህን ያረጋግጣል፤ በ1960ዎቹ ዓመታት በሞታውን ሸክላዎች ላይ ያለው ቤዝ በዘፈኑ ሥር እየተመታ ቶሎ ይከስማል፤ በአንዱ ድምፅና በሚቀጥለው መካከልም ትንፋሽ የሚያኽል ባዶ ስፍራ ይቀራል። የጄመርሰን ፈጣንና የተወሳሰበ አካሄድ ሳይደበላለቅ ለጆሮ የሚለየው ይህ ባዶ ስፍራ በመኖሩ ነው። ድምፁ ረጅም ዕድሜ ቢኖረው ኖሮ ያ ሁሉ ድምፅ እርስ በርሱ ይጨፈለቅ ነበር።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ አንድ ነገር አለ። የሞታውን ማኅበር በ1960ዎቹ በሸክላዎቹ ክዳን ላይ የስቱዲዮ ተጫዋቾችን ስም አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም ነበር። የማርቪን ጌይ የ1971 ዓ.ም. ሸክላ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» የጄመርሰንን ስም በመጥቀሱ እንደ እንግዳ ነገር ይታሰባል። ስሙ ያልተጻፈ ተጫዋች በመሣሪያው ላይ ያደረገው ለውጥም ሊጻፍለት አይችልም። ጄመርሰን በ1983 ዓ.ም. ሞተ፤ መሣሪያውም ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተሰርቆ ነበር።

የፓስቶሪየስ መንገድ

ጃኮ ፓስቶሪየስ የተወለደው ፕረሲሽን ቤዝ በወጣበት በ1951 ዓ.ም. ሲሆን ያደገው በፍሎሪዳ በፎርት ሎደርዴል ከተማ ነው። በወጣትነቱ ኮንትራባስ ገዝቶ ነበር፤ ነገር ግን የባሕሩ ዳር እርጥበት እንጨቱን ሰነጠቀው። ከዚህ በኋላ የኮንትራባስን ድምፅ እርጥበት ከማይጐዳው ከድፍኑ መሣሪያ ላይ ፈለገ። በ1962 ዓ.ም. የተሠራ ጃዝ ቤዝ ነበረው፤ የዚህም መሣሪያ ፍሬቶች ወለቁ። ማን እንዳወለቃቸው ፓስቶሪየስ ራሱ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ነገር ተናግሯል፤ በአንዱ ንግግሩ ራሱ አወለቀ፤ በሌላው ፍሬት አልባ ሆኖ ገዛው። የፍሬቶቹ ስፍራ በመሙያ ተደፈነ፤ በጣት ሰሌዳውም ላይ ለጀልባ የሚያገለግል ኤፖክሲ ተቀባ። ይህም ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ የሚጠነክር ቅብ ነው።

ቅቡ ያስፈለገው ለአውታሮቹ ሲባል ነው። ፓስቶሪየስ የመረጣቸው አውታሮች ላያቸው በድቡልቡል ሽቦ የተጠመጠመ፣ ድምፃቸው የሚያበራ፣ እንጨትንም እንደ ሞረድ የሚበሉ ነበሩ። ከሁለቱም ፒካፖች ይልቅ ለብርኩማው የቀረበውን ያዘወትር ነበር፤ የቀኝ እጁንም ጣቶች ወደዚያው አስጠግቶ ይመታ ነበር። ስፖንጅ አልነበረም።

በሦስቱ መመዘኛዎች ሲመረመር ይህኛው ውጤት ከመጀመሪያው ይለያል። ፍሬት ስለሌለ ድምፁ ይንሸራተታል፣ ይረገበገባልም፤ ስለዚህ ሦስተኛው መመዘኛ ፈጽሞ ተሟልቷል። አጀማመሩ ግን ብሩህና ስለታም ነው፤ ድቡልቡሉ ሽቦና የብርኩማው ቅርበት ቀጫጭኖቹን ድምፆች ስለሚያጐሉ ከኮንትራባስ ይርቃል። የድምፁም ዕድሜ ከኮንትራባስ ይልቅ እጅግ የረዘመ ነው፤ ጠንካራው ቅብ የአውታሩን ኃይል እንደ ለስላሳ እንጨት አይውጠውም። ከሁሉም በላይ ፍሬት አልባው ቤዝ የሚታወቅበት፣ ድምፁ ከተጀመረ በኋላ እያበበ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚያሰማው ዜማዊ ጩኸት አለ። ይህም የሚመጣው አውታሩ ሲነዝር የጣት ሰሌዳውን በጣም በቀረበ ማዕዘን እየነካካ ስለሚሄድ ነው። በጣት የተመታ ኮንትራባስ ግን ከማበቡ በፊት ይከስማል።

እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ተሟልቷል። በ1976 ዓ.ም. በስሙ በወጣው ሸክላና በዚያው ዓመት በገባበት በዌዘር ሪፖርት ሙዚቃ ውስጥ የሚሰማው የኮንትራባስ ምስል አይደለም፤ ከፊት ወጥቶ ዜማ የሚያወጣ አዲስ ድምፅ ነው። በዚያው ሸክላ ውስጥ «ፖርትሬት ኦቭ ትሬሲ» የተባለው ድርሰት አብዛኛው የተሠራው አውታሩን ሳይጫኑ በመንካት ብቻ በሚወጡት ቀጫጭን ድምፆች ነው፤ ይህም የሆነው መሣሪያው እነዚህን ድምፆች አጥርቶ የሚያሰማ ስለ ነበረ ነው። በጄመርሰን ስፖንጅና በአሮጌ አውታሮቹ ላይ ይህ ድርሰት ሊሰማ አይችልም ነበር።

ፍርዱና ተቃውሞዎቹ

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ የሚከተለው ነው። በመሣሪያው ላይ ከፍተኛውን ለውጥ ያደረገው ሰው ከፈለገው ድምፅ ራቀ፤ አነስተኛውን ለውጥ ያደረገው፣ ይልቁንም ፋብሪካው የሰጠውን ስፖንጅ ባለማውጣቱ ብቻ የሚለየው ሰው፣ ወደ ኮንትራባስ ቀረበ። የለውጡ መጠን ለዓይንና ለጆሮ አንድ አይደለም። ይህ ሲባል ግን ፓስቶሪየስ ሳይሳካለት ቀረ ማለት አይደለም። የተሰነጠቀው ኮንትራባስ ፍለጋውን አስጀመረው፤ ፍለጋው ያደረሰው ስፍራ ግን ሌላ ነበረ፤ ይህም ስፍራ ከመጀመሪያው ምኞት የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ፍርድ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ፓስቶሪየስን ያራቀው የፍሬቱ መውለቅ ሳይሆን አውታሩና ቅቡ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍርዱን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ፍሬት አልባ የጣት ሰሌዳ ሳይቀባ ቢተውና ጠፍጣፋ ሽቦ ያለው አውታር ቢወጠርበት ድምፁ ወደ ኮንትራባስ መቅረቡ አይካድም። አምፔግ የተባለው ኩባንያ በ1966 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው ፍሬት አልባ ቤዝ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ የኩባንያው ስም ራሱ ኮንትራባስ ቆሞ በሚያርፍበት እግር ውስጥ ከሚገባ ማይክሮፎን የተወሰደ በመሆኑ ደንበኞቹ ከመሠረቱ የኮንትራባስ ተጫዋቾች ነበሩ። እንግዲያው ወሳኙ የፍሬቱ መኖር ወይም አለመኖር ብቻውን ሳይሆን ከርሱ ጋራ የተባበሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ፍሬት የሚያወልቅ ሁሉ ኮንትራባስን አይፈልግም የሚል ነው። ይህም ትክክል ነው። እንግሊዛዊው ቢል ዋይማን በ1961 ዓ.ም. ከርካሽ ቤዙ ላይ ያረጁትን ፍሬቶች ያወለቀው በአዲስ ለመተካት ነበር፤ ድምፁን ስለ ወደደው ግን ሳይተካቸው ቀረ። የርሱ ለውጥ ማስመሰል ሳይሆን አጋጣሚ ነው። ስለዚህ አንድን የተለወጠ መሣሪያ በማየት ብቻ የለዋጩን አሳብ ማወቅ አይቻልም። የወለቀ ፍሬት በዋይማንም በፓስቶሪየስም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ጠባሳ ይተዋል፤ የጠባሳው ምክንያት ግን የተለያየ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የበረታው ነው፤ ድምፅ ያለው በተጫዋቹ ጣት ውስጥ ስለ ሆነ መሣሪያውን መመርመር ከንቱ ነው የሚል ነው። ይህ አባባል በተጫዋቾች ዘንድ የተወደደ ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው። ጣት መሣሪያው የማይፈቅድለትን ማድረግ አይችልም፤ መሣሪያም ጣት ያልጠየቀውን አይሰጥም። የጄመርሰን አንዲት ጣት ከስፖንጁ ጋራ፣ የፓስቶሪየስም ወደ ብርኩማው የተጠጋ እጅ ከድቡልቡሉ ሽቦ ጋራ አብሮ የተገኘ ነው። ከሁለቱ አንዱን ለይቶ የድምፁ ባለቤት ማድረግ ዋናውን ነገር ይሰውራል።

ገበያው ግን ይህን አልተቀበለም። የፌንደር ኩባንያ ፓስቶሪየስ ከሞተበት ከ1987 ዓ.ም. በኋላ የርሱን መሣሪያ የሚመስሉ፣ ቀለማቸው እንዲላላጥና እንዲያረጁ ሆነው የተሠሩ ጃዝ ቤዞችን በስሙ ሸጧል። እውነተኛው መሣሪያ በ1986 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ተሰርቆ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የተገኘ ሲሆን፣ ከመሰረቁም በፊት ተሰባብሮ እንደ ገና የተገጣጠመ ነበረ። አስመስሎ የተሠራው መሣሪያ ጠባሳውን ይሸጣል፤ ጠባሳውን ያመጣውን ፍለጋ ግን መሸጥ አይቻልም። ቤዙን ገዝቶ የፓስቶሪየስን ድምፅ ያገኘ የሚመስለው ወጣት ተጫዋች ያገኘው ለዓይን የሚታየውን ክፍል ነው።

ለመሣሪያ ጥናት የሚሰጠው ጥቅም

ጉዳዩ የአሜሪካ ተጫዋቾች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኤሪክ ፎን ሆርንቦስቴልና ኩርት ዛክስ በ1914 ዓ.ም. በጀርመን የኢትኖሎጂ መጽሔት ያወጡት የሙዚቃ መሣሪያዎች አመዳደብ ዛሬም በዓለም ቤተ መዘክሮች ይሠራበታል። የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችም በኋለኞቹ ማሻሻያዎች፣ በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ስፍራ አግኝተዋል። ይህ አመዳደብ ታላቅ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ የሚጠይቀው ድምፁ ከምን እንደሚወጣና አካሉ እንዴት እንደ ተሠራ ነው። የጄመርሰን ፕረሲሽንና ከፋብሪካ እንደ ወጣ ስፖንጁ የተጣለበት ሌላ ፕረሲሽን በዚህ አመዳደብ አንድ ናቸው፤ ለጆሮ ግን ሁለት ናቸው።

የኢትዮጵያ መሣሪያዎች ይህን ጉድለት ከማንም የበለጠ ያሳያሉ። በገናና ክራር በአመዳደቡ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሚለያዩትም በሣጥናቸው ቅርጽ ነው። የበገናን ድምፅ የበገና የሚያደርገው ግን ሣጥኑ ብቻ አይደለም። በብርኩማውና በእያንዳንዱ አውታር መካከል እንዝራ የተባለች ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ አውታሩ ሲነዝር እርስዋን እየነካካ ያን ከባድና የሚያንጐራጉር ድምፅ ያወጣል። እንዝራው የወጣበት በገና በፎቶግራፍ ሲታይ ምንም አልጐደለውም፤ ለሚጸልይበት ሰው ግን በገናነቱ ሄዷል። የጄመርሰን ስፖንጅ ድምፅን ለማሳጠር፣ የበገናው ቆዳ ድምፅን ለማወፈርና ለማንጐራጐር የሚያገለግሉ በመሆናቸው ሥራቸው ተቃራኒ ነው፤ በቤተ መዘክር መዝገብ ላይ ግን ዕድላቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በቀላሉ ወልቀው የሚጠፉ፣ ቢጠፉም ማንም የማያስተውላቸው ናቸው።

ይህም ዛሬ በክራር ላይ በሚደረገው ለውጥ ምክንያት አጣዳፊ ጉዳይ ሆኗል። ክራር የጊታር አውታር ተወጥሮበትና ፒካፕ ተገጥሞለት በባንድ መካከል ሲጫወት ይሰማል፤ ወፍራም አውታር የተወጠረበት ቤዝ ክራርም የቤዝ ጊታርን ሥራ ይሠራል። ይህን ሲያዩ አንዳንዶች የጥንቱ መሣሪያ ተበላሸ ብለው ያዝናሉ፤ ሌሎች ደግሞ ክራር ቤዝ ጊታር ሆነ ብለው ይደሰታሉ። ከላይ የታዩት ሁለት ምሳሌዎች ሁለቱም ወገኖች መቸኰላቸውን ያመለክታሉ። የተጨመረው ፒካፕ የክራሩን ክራርነት አልሻረውም፤ ቤዝ ጊታርም አላደረገውም። ምን እንደ ሆነ የሚታወቀው አጀማመሩ፣ ዕድሜውና አካሄዱ በጆሮ ከተመረመሩ በኋላ ነው።

እንግዲያው የተለወጠ መሣሪያ የሚመዘግብ ተማሪ ከቅርጹና ከመጠኑ ጋራ ሊጽፋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አውታሩ ምን ዓይነት እንደ ሆነና ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚለወጥ፣ አውታሩን የሚነካ ጨርቅ፣ ቆዳ ወይም ስፖንጅ መኖሩን፣ እጅ በየትኛው ስፍራ እንደሚመታ መጻፍ አለበት። ለውጡን ያደረገውን ሰው ስምና የፈለገውን ድምፅም መጠየቅና ማስፈር አለበት። ከነዚህ አብዛኞቹ ተጫዋቹ በሕይወት ሳለ በአንድ ቀን ተጠይቀው ሊታወቁ የሚችሉ ናቸው፤ ከሞተ በኋላ ግን መሣሪያው ቢገኝ እንኳ አይታወቁም። የፓስቶሪየስ ቤዝ ተገኝቷል፤ ፍሬቱን ማን እንዳወለቀው ግን ዛሬም በርግጥ መናገር አይቻልም።